31 ቅዳሜ ለአንድ እግር

(ለፈረስ ባለቤቶችና ለባለ ጋሪዎች እንጅባራ ላይ የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ።)

ይሄን ፌስታል እዩልኝ። ዳቦ የሚገባበት ዓይነት ነው፤ ውስጡን የሚያሳይ። ላዩ ላይ በቢክ እስክሪብቶ የተሠመረ ቅርጽ አለ። ኋላ ለተቀመጣችሁት የሐይቅ ካርታ ሊመስላችሁ ይችላል። ከሥሩ «የካቲት 2፣ ቅዳሜ» ይላል።

የአንድ ፈረስ ቁስል ነው። ፌስታሉን ቁስሉ ላይ አሳርፌ ዳር ዳሩን በቢክ አሠመርኩት። ፌስታል ድርብ ነው፤ ቁስሉን የነካውን ገጽ ቆርጬ ጣልኩ፣ የተሠመረበትን ደግሞ ቀን ጽፌበት አስቀመጥኩ። እንደዚህ ዓይነት 31 ፌስታሎች አሉኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነሱ ነው።

ፈረሱ ዳማ ነው። ጥርሱን አይቼ ከ20 ዓመት በላይ ገመትኩት። ባለቤቱ «22 ነው» ይላሉ። የተወለደው የመጨረሻ ልጃቸው ክርስትና በተነሳችበት ዓመት ስለሆነ አይሳሳቱም። በጉልበቱ ጊዜ ጥር 23፣ የፈረሰኞቹ በዓል፣ በመጣ ቁጥር ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ባለበት አገር ፈረስ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልሞክርም። ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ጥቅምት ላይ ዳማው ሌሊት አጥር ሲዘል የእሾህ ሽቦ የግራ ኋላ እግሩን ገሸለጠው። ከቋንጃው በታች፣ ፊት ለፊት ቅልጥሙ ላይ። እኔ ያየሁት ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። ሦስት ወር አልፎታል። እስከዚያ ድረስ ምን ያልተደረገለት አለ! መጀመሪያ ላምባ። ቀጥሎ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ተነሰነሰበት። ከዚያ ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ የቁስል ቀለም። ከዚያ ቅቤ። አንድ የሰፈር አዋቂ ደግሞ የመኪና ባትሪ ውሃ አምጥቶ አፈሰሰበት። የቀረው የጋለ ብረት ብቻ ነበር። እሱም ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ተይዞለታል።

አያችሁ፣ መድኃኒት ሞልቶለታል። «ይሄ ቁስል ለምን አልዳነም?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም ራሴ ሁለት ወር ሙሉ አልጠየቅኩም። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

የፈረስ ቁስል ሁሉ አንድ አይደለም። ደረቱን ወይም ታፋውን የተቀደደ ፈረስ አይታችሁ ይሆናል። እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ ሆኖ ሳለ በሁለት ወር ውስጥ የት እንደነበር ይጠፋችኋል። እግር ላይ ግን፣ ከጉልበትና ከቋንጃ በታች፣ ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ሥጋ የለም። ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ብቻ ነው። ቆዳው ተወጥሮ ስለተሰፋ ተሰብስቦ ቁስሉን የሚዘጋበት ትርፍ የለውም። የሚደርሰው ደምም ትንሽ ነው። ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ጭቃውም ፋንድያውም እሱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ፈረስ ቁጭ ብሎ አያርፍም፤ በተራመደ ቁጥር ቁስሉ ይሳባል።

የእግር ቁስል በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ጭራሽ ይሰፋል። ብዙ ሰው የሚደነግጠውና ላምባውን የሚያነሳው ያኔ ነው። ቆዳው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ነው የሚሰፋው። ያለ ነገር ነው፤ መበላሸት ማለት አይደለም።

አዲሱ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል ይሄዳል። እግር ላይ በቀን የሚሄደው 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአሥር ቀን አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም ማለት ነው። የዳማው ቁስል 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ከግራና ከቀኝ 25፣ 25 ሚሊ ሜትር መጓዝ አለበት። ከሰውዬው ጋር ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በስልኬ አሰላነው። 278 ቀን።

«ስንት ወር ነው?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ወር ከምናምን።»

«ዶክተር፣ ልትወልድ ነው እንዴ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ።

ትንሽ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ቁስሉ ራሱም ይጠባል፤ ስለዚህ ሙሉውን መንገድ ቆዳው ብቻውን አይጓዘውም። ደግሞ በኔዘርላንድስ በተደረጉ ጥናቶች ትንንሾቹ የፖኒ ዝርያዎች ከትላልቆቹ ፈረሶች ፈጥነው እንደሚድኑ ታይቷል። የእኛም ፈረሶች ቁመታቸው አጭር ነው። ይሄን የነገርኳቸው እንደ ተስፋ እንጂ እንደ ዋስትና አይደለም።

ፌስታሉ የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። በቀን አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም። በየቀኑ የሚያይ ሰው «ያው ነው» ይላል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ የባትሪ ውሃ ያመጣል። በሳምንት አንዴ አሥምራችሁ ካለፈው ሳምንቱ ላይ ብትደርቡት ግን ነገሩ ቁልጭ ይላል። ጠቦ ከሆነ አትነካኩት፣ የያዛችሁትን ቀጥሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይጠብ ከቀረ ደግሞ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

አጠባው ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ላይ ስህተቱ ይበዛል። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ 9 ግራም ያህል ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳን በወፍራም መርፌ ብሱና በዚያ እየጨመቃችሁ እጠቡት። የሚወጣው ቀጭን ውሃ ቆሻሻውን ለማንሳት በቂ ጉልበት አለው፤ አዲሱን ሥጋ ግን አይጎዳም። አዮዲን ካላችሁ፣ ያን 10 በመቶ የሚለውን፣ 10 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውሃ። ቀለሙ ቀጭን ሻይ መምሰል አለበት። እንደ ቡና ከጠቆረ አብዝታችኋል። አልኮል፣ ላምባ፣ በረኪና፣ ያ አረፋ የሚያወጣው ውሃ፣ እነዚህ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ያን በቀን 0.09 ሚሊ ሜትር የሚሄደውን ቆዳም ይገድሉታል። አረፋ ሲያወጣ «እየሠራ ነው» የሚባለው ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ይሠራል፤ የሚሠራው በእናንተ ላይ ነው እንጂ።

በነገራችን ላይ ስታጥቡ ከጎኑ ቁሙ፣ ፊት ለፊት ወይም ኋላ አትንበርከኩ። አሮጌ ፈረስ አይራገጥም ያለኝ ሰው ነበር። ጭኔ ላይ ምልክቱ አለ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት።

የካቲት ላይ የዳማው ቁስል መሐሉ አብጦ ከቆዳው በላይ ወጥቶ ነበር። ቀይ፣ እንደ አበባ ጎመን የተንጠረበበ፣ ሲነኩት የሚደማ። ትርፍ ሥጋ ነው። የፈረስ እግር ይሄ ዓመሉ ነው፤ ጉድጓዱን ሞልቶ ማቆም ሲገባው ያልፋል። ቆዳው ደግሞ ዳገት መውጣት ስለማይችል ዳር ላይ ይቆማል። በደንብ ስል በሆነ ምላጭ ከቆዳው እኩል አድርጌ ቆረጥኩት። ይሄ ሥጋ ነርቭ ስለሌለው ፈረሱ ሕመም አይሰማውም። ደሙ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት፣ ቆመ። እባካችሁ ይሄን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የሐኪም ሥራ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሥጋው ተመልሶ መጣ። ደግሜ ቆረጥኩት። አሁንም ተመለሰ። ፌስታሎቹን ደራርቤ ብርሃን ላይ ሳያቸው ስምንቱም አንድ ላይ ገጠሙ። ሁለት ወር፣ አንድ ሚሊ ሜትር የለም! ፌስታሉ ፊቴ ላይ እየጮኸ እኔ ምላጭ እስል ነበር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሳጥብ፣ መሐል ላይ ከሥጋው እጥፋት ውስጥ ጠብ የምትል ነጭ መግል አየሁ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ። በንጹሕ ቀጭን ብረት ቀስ ብዬ ፈለግኩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ «ቀጭ» አለ። ያን ድምፅ ባለቤቱም ሰሙት። አጥንት ነው። ሽቦው ቅልጥሙን ሲገሸልጠው ላዩን የሸፈነውን ስስ ልባስ አብሮ አንስቶታል። ደም ያጣው የአጥንቱ ሽፋን ሞቶ፣ ተላቆ፣ እዚያው ተቀምጧል። ሰውነት የሞተ አጥንትን እንደ እሾህ ነው የሚያየው። እሾሁ እያለ ቁስሉ አይዘጋም። ሥጋው ደግሞ እሱን ሊያስወጣ እየተነፋ ይመጣል።

አስተኝቼ ከፍቼ አወጣሁት። የጥፍር ቁራጭ የመሰለ፣ አመድማ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ። ሰውዬው መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ለዚህች ነው ሰባት ወር?» አሉ። ከሰባቱ ሁለቱ የእኔ ናቸው። ራጅ ቢነሳ እኔ ባየሁት በመጀመሪያው ሳምንት ይታይ ነበር። ራጅ በሌለበት ደግሞ ጣትና ብረት ነበረኝ። አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ በመሆኑም ደስ ይለኛል። ፌስታሎቹ በየሳምንቱ መጥበብ ጀመሩ።

ስለ ማሰር ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ማሰር ጭቃና ዝንብ ይከላከላል፣ እብጠት ይይዛል፣ ቁስሉን እርጥብ ያደርግለታል። ግን የፈረስ እግር ታስሮ ሲቆይ ትርፍ ሥጋውን ያበረታታዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ እስኪሞላ እሰሩ። ከሞላ በኋላ ሥጋው ማበጥ ከጀመረ ግቢው ደረቅ በሆነበት ጊዜ ክፍት ተዉት፣ አለበለዚያ ሐኪም የሚያዝላችሁን ቅባት ተጠቀሙ።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ቁስሉ ላይ የማይጣበቅ ነገር። ከዚያ ጥጥ፣ ብዙ ጥጥ። ከዚያ ፋሻ፣ ከታች ወደ ላይ፣ እኩል በሆነ ጥብቀት። ጥጡ ሲያንስ ፋሻው ጅማቱን ይቆርጠዋል። የሕፃን ዳይፐር በጣም ጥሩ ነው፤ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ አይጣበቅም። ሞዴስም ለትንሽ ቁስል ይሆናል። የዳማው ባለቤት ሚስት ያረጀ ነጠላ ቀቅለው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በጣት ስፋት ቀደው ጠቅልለው አስቀምጠውልን ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ከማየው ፋሻ ይሻላል። ካሰራችሁ በኋላ ከላይ ጣት ካልገባ ጠብቋል። ፈረሱ እግሩን እያነሳ ከደበደበ ወይም ከፋሻው በላይ ካበጠ «ለነገ» አይባልም፣ ወዲያው ይፈታ። ካልሆነ ግን በየሁለትና ሦስት ቀኑ መቀየር ይበቃል። ሁልጊዜ ፈትቶ ማየትም ቁስል ይረብሻል፤ እንጀራ በየደቂቃው እየከፈቱ እንደማየት ነው።

ማርስ? ይሆናል። በእጃችሁ ካለው ሁሉ ከባትሪ ውሃ በሺህ እጥፍ ይሻላል። ውሃው ትንሽ ነው፣ ኮምጣጣነት አለው፣ ጀርም አይወደውም። ግን ንጹሕ ማር ይሁን። ስኳር የተደባለቀበትን ለቁስል አትቀቡ። አዊ ውስጥ ሆኜ ስለ ማር ጥራት ማስተማሬም ድፍረት ነው።

እድሜን በተመለከተ፦ አሮጌ ፈረስ ቀስ ብሎ ይድናል፤ ግን እድሜ ብቻውን ምክንያት ሆኖ መቅረብ የለበትም። «አርጅቷል» ማለት ብዙ ጊዜ «አላየሁትም» ማለት ነው። መጀመሪያ አፉን ክፈቱ። የዳማው የኋላ ጥርሶች ዳራቸው እንደ መጋዝ ሾሎ ጉንጩን ቆርጦታል። ገለባውን አኝኮ እየተፋ ነበር። ጥርሱን ሞረድኩለት። ከገለባው ላይ የረጠበ ፉርሽካ፣ የተከካ ገብስና ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ተጨመረለት። ቆዳ ከፕሮቲን ነው የሚሠራው። የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ ከየት አምጥቶ ቆዳ ይሠራል?

ሌላ አንድ ነገር። አሮጌ ፈረስ በበጋ ፀጉሩ ሳይረግፍ እንደ በግ ተንጨብርሮ ከቀረ፣ ውሃ ካበዛ፣ ሰኮናውን እየደጋገመ ካመመው፣ የኩሺንግ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከጭንቅላት ሥር ያለች እጢ ናት የምትዛባው። ይሄ በሽታ ያለበት ፈረስ ቁስሉ ይዘገያል፣ ኢንፌክሽንም ቶሎ ይይዘዋል። ፐርጎላይድ የሚባል በየቀኑ የሚሰጥ መድኃኒት አለው። እኔ በምሠራበት ከተማ አላገኘሁትም። አንዲት አሮጌ ባዝራ ነበረችኝ፤ በሽታዋን ጠርጥሬ መድኃኒቱን አጥቼ ቀረሁ። ቁስሏ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም። ከዚህ በላይ ስለ እሷ ባላወራ ይሻለኛል።

ቁስል ይምሰል እንጂ ተራ ቁስል ያልሆነም አለ። እግር ላይ በመስመር እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚወጣ፣ የሚፈነዳ፣ ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣ እባጭ ካያችሁ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሞጆና በቢሾፍቱ የጋሪ ፈረሶች ላይ በደንብ ይታወቃል። እዚህ ብርዱ ይከላከልላችኋል፤ ሞቅ ካለ ከተማ የተገዛ ፈረስ ግን ይዞት ሊመጣ ይችላል። ዝንብም ያስተላልፈዋል፣ በቁስል ላይ የዋለ ጨርቅና ኮርቻም ያስተላልፈዋል። ቶሎ ከሌሎቹ ለዩትና ሐኪም ጥሩ። እንደ ኪንታሮት የሚያድግ፣ ቢቆርጡት ብሶበት የሚመለስም አለ፤ ዕጢ ነው።

መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ሳልናገር መሄድ የለብኝም። ከቤት እንስሳት ሁሉ ፈረስን የሚያህል ለቴታነስ የተጋለጠ የለም። ትንሽ የሚስማር ቀዳዳ ትበቃለች። ፈረሱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ጭራው ከተነሳ፣ የዓይኑ ውስጠኛ ቆዳ ወደ መሐል ከወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ክትባቱ ግን አለ። ከቁስሉ በፊት ነው የሚወሰደው።

ክረምቱ ፈትኖን ነበር። ሐምሌ ላይ ጋጣው ጭቃ ሆነ፣ ፌስታሎቹ ለሁለት ሳምንት ቀጥ አሉ። ይሄኔ ግን ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ልጆቹ ድንጋይ ደልድለው ላዩ ላይ ገለባ አነጠፉ። ፋንድያው በቀን ሁለቴ ይጠረጋል። ፈረሱን ረጋ አድርገው በእጅ እየሳቡ ጠዋት ጠዋት ያንሸራሽሩታል፣ መሮጥ የለም። በነሐሴ አጋማሽ ቁስሉ እንደገና መጥበብ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እያልን ጀግኖቻችንን በፈረሳቸው ስም እንጠራለን። ያው ፈረስ ሲያረጅና ሲቆስል ግን ማታ ከከተማ ወጣ አድርገን እንለቀዋለን። ሁላችንም አይተናል። አስፋልት ዳር፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ የሚሄድበት ጠፍቶት የቆመ። መግደል ነውር ነው እንላለን፤ ለጅብ መተው ግን ነውር አልሆነም። መዳን የማይችል እንስሳ እንዳለ አውቃለሁ። መገጣጠሚያው ውስጥ መግል የገባበት አሮጌ ፈረስ አይቼ «እናሳርፈው» ብያለሁ። በመርፌ፣ ባለቤቱ አንገቱን ይዞለት። ያን የተናገርኩባቸው ቤቶች ውስጥ ቅያሜ ገጥሞኛል። ቢሆንም እለዋለሁ።

የመጨረሻው ፌስታል ይኸውላችሁ። ጳጉሜን 2። ምንም መስመር የለበትም፣ ቀን ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው «ባዶውንም አሥምረው» ስላሉኝ ነው የያዝኩት።

ጥያቄ ላይ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ፀጉር ያበቅላል ወይ?» አለኝ። አያበቅልም። ጠባሳው ልሙጥ፣ ግራጫማ፣ ስስ ነው። ትንሽ ነገር ቢነካው ይቀደዳል። ስለዚህ ዳማው አሁን ኮርቻ አይጫንበትም፤ ግቢ ውስጥ ይግጣል፣ የልጅ ልጆች ይወጡበታል።

ሌላው «አጥሩስ?» ብሎ ጠየቀ። ጎበዝ። ትናንት ማታ ሰላም ልላቸው ጎራ ብዬ ነበር። ቡና ጠጣን፣ እግሩን አየሁ፣ ተመረቅኩ። ስወጣ በአጥሩ በኩል አለፍኩ። ሽቦው ያው እዚያው ቦታ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ እስካሁን ጥቂት የዳማ ፀጉር አለ። ነገ ቅዳሜ ነው። ፒንሳ ይዤ እሄዳለሁ።